አንድ ሜይንፍሬም፣ አእላፍ ሰርቨሮች፦ ብዛቱ ምን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ. በ2000 ዴቪድ ቦይስ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ በአንድ ኤስ/390 ሜይንፍሬም ላይ 41,400 የሊነክስ ሰርቨሮችን ማስነሳት ችሎ ነበር። ቁጥሩ በእርግጥ ያስደንቃል። በእኔ እምነት ግን ከብዛቱ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው፣ ብዛቱን የፈቀደው ሕግና የሕጉ ገደብ ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ የዛሬው ዜድ/ቪኤም የዚያው ዝርያ ነው። ይህ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ጊዜ፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን እያከፋፈለ ለእያንዳንዱ ሊነክስ የራሱ ኮምፒዩተር ያለው ያስመስልለታል። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። አንዱ ሊነክስ ቢበላሽ ጎረቤቱ ሥራውን ይቀጥላል።

ታዲያ አንድ ማሽን ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል? አብዛኛው ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሥራ በመጠበቅ ስለሆነ ነው። የ100 ሰርቨሮች ጫና ተመሳሳይና እርስ በርሱ ያልተያያዘ ቢሆን፣ አማካይ ድምሩ ከአንዱ ሰርቨር ጫና 100 እጥፍ ይሆናል፤ የጫናው መዋዠቅ ግን በ100 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 10 እጥፍ ብቻ ያድጋል። ስለሆነም ከአማካዩ አንጻር ሲታይ መዋዠቁ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በጋራ የሚያዘው መጠባበቂያ አቅምም በዚያው ልክ ያንሳል።

ይሁን እንጂ ሕጉ የቆመው «እርስ በርሱ ያልተያያዘ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምዝገባ፣ የውጤትና የኢሜይል ሰርቨሮች በአንድ ማሽን ላይ ቢሰበሰቡ፣ ውጤት በሚገለጽበት ዕለት ሁሉም በአንድ ሰዓት ሊጨናነቁ ይችላሉ። ጫናቸው አብሮ ከወጣና ከወረደ ቁጠባው ይጠፋል። ማሽኑ ራሱ ቢቆም ደግሞ ሁሉም አብረው ይቆማሉ።

ቨርቹዋል ማሽን አቅም አይፈጥርም፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን አቅም ለሌላው ያውላል እንጂ። በመሆኑም ሰርቨሮችን ለማሰባሰብ የሚያቅድ ተቋም «ስንት ይይዛል?» ከማለቱ በፊት «መቼ መቼ ይሠራሉ?» ብሎ ሊጠይቅ፣ የእያንዳንዱንም ጫና ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር በየሰዓቱ መዝግቦ ሊመለከት ይገባል። ተማሪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሊነክስ ውስጥ በተካተተው ኬቪኤም በተራ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖችን አስነስተው፣ መጀመሪያ በየተራ፣ ቀጥሎም በአንድ ጊዜ ቢያሠሯቸው ልዩነቱን በራሳቸው ልኬት ሊያረጋግጡት ይችላሉ።