ሰርግ፣ ብጉርና የስድስት ወር ኪኒን

ማርኬቲንግ ውስጥ የሠራ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ለፊት የሚሸጥ ቅባት በአብዛኛው የሚሸጠው በቀን ቆጠራ ነው። «በሰባት ቀን»፣ «በሁለት ሳምንት» ይላል። ሰርግ ወይም ምርቃት የደረሰበት ሰው ደግሞ ለተስፋው ሳይከራከር ይከፍላል። ስለ ከባድ ብጉር ሕክምና ሳስብ የሚገርመኝም ይኸው ነው፤ በትክክል የሚሠራው መድኃኒት ወራትን ይጠይቃል፣ ከነጥቅሙም ረጅም የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ይዞ ይመጣል።

ይህን በቅርበት ያየሁት የአክስቴ ልጅ ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ቀን በተቆረጠበት ዓመት ነው። የእሷ ብጉር ሁለት ሦስት ፍሬ አልነበረም። ከቆዳዋ ሥር ጠጥሮ የሚያምም፣ አገጯንና ጀርባዋን የያዘ፣ ሲድን ጠባሳ የሚተው ዓይነት ነው። እሬቱም፣ ማሩም፣ ሎሚውም ተሞክሯል። «ፊት ያጠራል» የተባለ ቅባትም እንዲሁ። እንደ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት መጀመሪያ ፊትን ያለዝባል፤ ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያመጣል። አክስቴ በበኩሏ «ስታገቢ ይጠፋል እኮ ልጄ» ትላት ነበር። ብዙዎቻችን የሰማነው አባባል ነው፤ ብጉር ግን የጋብቻ ወረቀት አያይም።

የቆዳ ሐኪሟ ለሦስት ወር ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከሚቀባ መድኃኒት ጋር ሰጥታት አልበቃም። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ስለ አይሶትሬቲኖይን አነሣችላት። ይህ መድኃኒት ከቫይታሚን ኤ ወገን ሲሆን በአሜሪካ ለከባድ ብጉር የተፈቀደው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። የፊትን ወዝ የሚያመነጩትን ዕጢዎች ያሟሽሻል፤ ወዙ ሲቀንስ የብጉሩ መነሻ ይደርቃል። ለብዙ ሰዎች ውጤቱ ኪኒኑ ካለቀ በኋላም ይቆያል።

ሐኪሟ ያስቀደመችው ጥያቄ ግን ስለ ፊቷ አልነበረም። «ሰርግሽ መቼ ነው? ልጅስ መቼ አስባችኋል?» አለቻት። አይሶትሬቲኖይን በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ በጽንሱ አንጎል፣ ልብና ፊት ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ሴት ልጅ ኪኒኑን ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉና ካቆመችም በኋላ ለአንድ ወር ማርገዝ የለባትም። የእርግዝና ምርመራም ከመጀመሯ በፊትና በየወሩ ይደረጋል።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። መጠኑ የሚታዘዘው በክብደት ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በጠቅላላው ለአንድ ኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም ያስባሉ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ዝቅተኛውን ብትይዝ 7,200 ሚሊግራም ይሆናል፤ በቀን 40 ሚሊግራም ብትወስድ 180 ቀን። ጥር አጋማሽ ላይ ብትጀምር ሐምሌ አጋማሽ ታበቃለች፣ እርግዝና የሚፈቀደው ደግሞ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ነው። ሰርጉ መሐል ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ቤቱ ታመሰ። ለአክስቴ ሳያገቡ የወሊድ መከላከያ መጀመር አንድ ጭንቀት፣ «በዓመቱ ልጅ» ብለው የሚጠብቁት የሙሽራው ወገኖች ሌላ ጭንቀት ሆኑ። ልጅቷ ሌላ መንገድም ነበራት፤ ሰርጉን አሳልፋ፣ ወልዳ፣ ጡት አስጥላ መጀመር። ያ ግን ጠባሳው በየወሩ እየጨመረ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው። በመጨረሻ ሐኪሟ ዘንድ ከእጮኛዋ ጋር ገቡ። «ልጁ ከነሐሴ በኋላ ይደርሳል» ያለው እሱ ነው። አክስቴም ይህን ከእሱ አፍ ስትሰማ ዝም አለች።

የመጀመሪያው ወር ብጉሩ ብሶ ነበር፤ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ አፍንጫዋ አልፎ አልፎ ደማ፣ ዓይኗ ደረቀ። የጉበትና የደም ስብ ምርመራ በየጊዜው አደረገች። ኪኒኑ በደንብ የሚሠራው ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ስለሆነ፣ በዐቢይ ጾም ከሻይና ዳቦ ጋር መዋጥ አልሆነላትም፤ ከሰዓት ጾሟን ስትፈታ ከአቮካዶ ወይም ከለውዝ ጋር ትወስደው ነበር። ለሰርጉ ዕለት እብጠቱ ጠፍቷል፣ ጥቁር ነጠብጣቡ ግን አልለቀቀም። በጠይም ቆዳ ላይ ብጉር የሚተወው ጥቁረት ለመጥፋት ወራት ይወስዳል። ፎቶዎቹ ላይ ይታያል፤ እሷም አላስነካቻቸውም።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ብጉር ያለበት ልጅ ካለ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ «ያድጋል ይተወዋል» ብላችሁ ጠባሳ እስኪያወጣ አትጠብቁ። እንደ አለርት ያለ የቆዳ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ኪኒኑ ከታዘዘ የሚከተሉትን ያዙ፦

• ከዶክሲሳይክሊን ወይም ከቫይታሚን ኤ እንክብል ጋር አይወሰድም።
• በሚወሰድበት ጊዜና ካበቃ በኋላ ለአንድ ወር ደም አይለገስም፤ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላልና።
• ልጁ ከወትሮው የተለየ ጭፍግግ ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ተስፋ የቆረጠ ከመሰለ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዘው ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪም ንገሩ።
• ፀሐይ መከላከያና የከንፈር ቅባት አይለዩት።
• የተረፈ ኪኒን ለእህት፣ ለጓደኛ አይሰጥም። የታዘዘው በአንድ ሰው ክብደትና ምርመራ ነው፤ ሳታውቅ ያረገዘች ጓደኛ እጅ ቢገባ ጉዳቱ አይመለስም።

ወጪውንም አስቀድማችሁ አስሉ። የኪኒኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የምርመራውንና የቀጠሮውን ጭምር ለስድስት ወር አባዙት። በሦስተኛው ወር ገንዘብ አልቆ የሚቋረጥ ሕክምና ከንፈርን ያደርቃል እንጂ ብጉሩን አይጨርስም።