ጋፋት ያስተማረችንን ካሉብ ላይ አንርሳ!

ወገን፣ እስኪ ከቤታችን እንጀምር።

ደብረ ታቦር ላይ ማደያ በር ጀሪካን ይዞ ያደረ ወጣት «ስለ ጋዝ ኩባንያ ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። ያገባሃል! የባጃጅህ ቤንዚን፣ የፎገራ ገበሬ ፓምፕ የሚጠጣው ናፍጣ፣ ሁሉም ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ነው ጉና ሥር የሚደርሰው። አስመጪው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። የመንግሥት ነው፤ ማለትም ያንተ ነው።

ሥራው ምንድን ነው? በዶላር ይገዛል፣ ያስመጣል። በቃ! አይቆፍርም፣ አያጣራም። አሰብ የነበረው ማጣሪያም በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

አሁን ልብ በል። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ያገኘውም የአሜሪካው ቴኔኮ ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1974፣ ማሌዥያ ፔትሮናስን አቋቋመች። የመንግሥት ኩባንያ ነው፣ እንደኛው። ከዚያስ? ፔትሮናስ አድጎ ካሉብን ሊያለማ እኛው ቤት መጣ፤ በኋላም ጥሎ ሄደ። እኛ ጋዛችንን ከአሜሪካ ለሶቪየት፣ ከሶቪየት ለማሌዥያ፣ ከማሌዥያ ለቻይና ስናቀባብል ሃምሳ ዓመት ነጎደ።

«ዕውቀቱ የለንም» ትላላችሁ? ኖርዌይም አልነበራትም! በ1972 ስታትኦይልን አቋቁማ፣ ስታትፊዮርድን ሞቢል ሲያለማ ኩባንያዋን ባለድርሻ አድርጋ ጎኑ አስቀመጠች። ልጁ አይቶ ተማረ፤ በ1987 ሥራውን ራሱ ተረከበ።

ይህ ዘዴ ለኛ እንግዳ ነው እንዴ? ጋፋት ደጃችን ናት! አጤ ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን «መድፍ ሽጡልኝ» ብቻ አላሏቸውም። «እዚሁ ሥሩ» አሏቸው፣ ያገሬውንም ልጅ እንዲማር ከጎናቸው አሰለፉ። ሴባስቶፖል የተወለደው እንዲህ ነው።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ ያለማው የቻይናው ጂሲኤል ነው። ደስ ይላል፣ እናጨብጭብ። ግን ጭብጨባ ስትራቴጂ አይሆንም! ስለዚህ እንጠይቅ፦

አንደኛ፣ ውሉ ይታተም። የሕዝብ ድርሻ ስንት እንደሆነ ሕዝብ ይወቀው።

ሁለተኛ፣ የኛ መሐንዲሶች ሥራውን መቼ ይረከባሉ? ቀኑ በወረቀት ይስፈር።

ሦስተኛ፣ ጋዙ ከመሬቱ የሚወጣው የሶማሌ ወንድማችን ቀድሞ ይጠቀም። እሱ ሳይጠቅመው እኛን ይጠቅመናል ማለት ዘበት ነው።

አራተኛ፣ ነዳጅ አቅራቢው ደጋው ላይ በቂ ዴፖ ይኑረው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሰሜን የሚደርቀው እስከ መቼ ነው?

ወጣቱ ሆይ! ማደያ በር ላይ መሳደብ ቀላል ነው፤ ሰልፉን ግን አያሳጥረውም። ሰልፉን የሚያሳጥረው የራሱን ጋዝ ማውጣት የሚችል የራስ ኩባንያ ነው። መቆፈሩንም ማጣራቱንም ሌላ ከያዘው፣ ጋዙ የኛ የሚሆነው በካርታ ላይ ብቻ ነው።

አንብበህ አትለፍ፤ ሼር አድርገው!