ያልተለካ ውሃ ጠበቃ የለውም

«ኢትዮጵያ የአፍሪካ የውሃ ማማ ናት» የሚለውን አባባል ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በመማሪያ መጽሐፍ አንብበነዋል፤ በአደባባይ ንግግር ሰምተነዋል፤ ከባዕድ ጋር ስንከራከርም እንደ መጨረሻ ማስረጃ መዘነዋል። ይሁንና ከዚህ ማማ ላይ በዓመት ስንት ውሃ እንደሚወርድ፣ በየትኛው ወር በየትኛው ወንዝ እንደሚሄድ፣ ከወረደውም ስንቱ በማሳ ውስጥ ሰርጎ ስንቱ አፈራችንን ጠራርጎ እንደነጎደ የሚጠይቅ ሲመጣ ጉባኤው ሁሉ ጸጥ ይላል። ማማ ሠርቶ ጠባቂ ያላወጣበት ገበሬ እህሉን ለወፍና ለዝንጀሮ እንደዘራ ይቆጠራል። እኛም ማማውን ታቅፈን ጠባቂውን ረስተናል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ውሃውን የማይለካ ሕዝብ ስለ ውሃው የሚሟገትበት አንደበት የለውም። ለክቶ መዝገቡን በቁልፍ የሚዘጋ መንግሥትም ጨርሶ ካልለካው እምብዛም አይሻልም። ለዚህ ምስክር እንድትሆነኝ የምጠራት ጊንጪን ነው።

ለምን ጊንጪን?

ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው ጎዳና፣ ከመዲናይቱ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ የምትገኝ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ሳይቆም ያልፋታል። ነገር ግን ሰማይ የሰጠውን ውሃ ለሦስት ተፋሰሶች የሚያከፋፍለው ይኸው የምዕራብ ሸዋ ደጋ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ከደንዲ ሐይቅ የሚወጣው ሁሉቃ አምቦን አቋርጦ በጉደር በኩል ወደ አባይ ይገባል። ከጎረቤት ከወንጪ የሚወርደው ደግሞ ወደ ኦሞ ያዘግማል። በአንድ ሌሊት ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ ከፊሉ ወደ ሜዲትራኒያን፣ ከፊሉ ወደ ቱርካና፣ ከፊሉ ወደ አፋር በረሃ ይለያያል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የሌላ አገር ቢሆን ኖሮ በየሸንተረሩ መለኪያ ይተከልበት ነበር።

አዋሽን ብቻ እንውሰድ። ወንዙ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይነካ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። የበቾን ሜዳ፣ መልካ ቁንጡሬን፣ ቆቃን፣ ወንጂን፣ መተሐራን አልፎ እስከ አሳይታ ሲወርድ ያልተሸከመው ሸክም የለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1954 ነው፤ የቆቃ ግድብ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው በ1960 ነው፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው ደግሞ በ1962 ነው። ስለዚህ «አዋሽን ማን አስታወሰው?» የሚል ማመካኛ አይሠራም። ወንዙ ከ60 ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤት ተቋቁሞለታል። በመልካ ቁንጡሬና በሆምቦሌም የፍሰት መለኪያ ጣቢያዎች አሉት። ምንም አልተለካም ብሎ መጻፍ ሐሰት ይሆናል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የተለካው መዝገብ ስንት ቦታ ላይ ተቆርጧል? ያልተቆረጠውስ በማን እጅ ነው?

አንድ ዓመት መለካት ማለት ምን ማለት ነው?

ሥራው ረቂቅ አይደለም። የዝናብ መለኪያው አፉ ክብ የሆነ ዕቃ ነው። ተመልካቹ በየዕለቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በሚሊ ሜትር ለክቶ ይጽፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ከዘነበ ደግሞ 1 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ወርዷል። የሰማይ ስጦታ የሚቆጠረው በዚህ መንገድ ነው።

ወንዙ ጥቂት ተጨማሪ ድካም ይጠይቃል። በዳርቻው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከልና ተመልካቹ የውሃውን ከፍታ ጠዋትና ማታ ያነባል። ከፍታ ብቻውን ግን የውሃ መጠን አይደለም። ባለሙያ በልዩ ልዩ ጊዜ፣ ወንዙ ሲጎድልም ሲሞላም እየመጣ ስፋቱን፣ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን ለክቶ «ውሃው ይህን ያህል ከፍ ሲል በሴኮንድ ይህን ያህል ሜትር ኪዩብ ያልፋል» የሚል ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ከባድ ጎርፍ የወንዙን ወለል ሲሸረሽረው ወይም በደለል ሲሞላው ያ ሠንጠረዥ ይበላሻልና እንደገና መሠራት አለበት። ሰሌዳው ቆሞ ሠንጠረዡ ካላደሰ፣ ቁጥሩ በየቀኑ ቢጻፍም መዝገቡ በየቀኑ ይዋሻል።

ታዲያ ለምን ዓመት ሙሉ? በነሐሴ የለካ ባለሥልጣን «ውሃ ሞልቷል» ይላል፤ በየካቲት የለካ ደግሞ «ወንዙ ደርቋል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን አሳስተውናል። የደጋችን ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጨናንቆ ይወርዳል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያልተቋረጠ መዝገብ ያለው ሰው ብቻ ነው ገቢንና ወጪን ማስተያየት የሚችለው፦ ይህን ያህል ዘነበ፣ ይህን ያህል በወንዝ ሄደ፣ የቀረው በትነት፣ በዕፅዋትና በመሬት ውስጥ ነው ብሎ። የዓመቱ አማካይ ብቻውንም ወጥመድ ነው። የመስኖ ፓምፕ የሚተከለው በአማካዩ ተማምኖ ነው፤ ውሃ የሚስበው ግን በየካቲትና በመጋቢት፣ ወንዙ በቀጭኑ ሲፈስ ነው። በታችኛው መንደር ሴቶች እንስራ ይዘው የሚሰለፉት ያን ጊዜ ነው።

የጊንጪን ሜዳ የሚያርስ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። መሬቱ መረሬ ነው። በክረምት ውሃ ቋጥሮ ዘር ያፍናል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገበሬው ጤፉን ዝናቡ እስኪበርድ ጠብቆ ይዘራል፤ ሽምብራውንም በቀሪው እርጥበት ያበቅላል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚያው በጊንጪ የመረሬን ውሃ ስለማንጣፈፍ ሲመራመር ቆይቷል። ገበሬው በዓይኑና በእግሩ የለካውን፣ ተመራማሪው በመሣሪያ የለካውን፣ መንግሥት አንድ ላይ አድርጎ ለምን በየዓመቱ ለሕዝብ አያወጣውም?

የለካ ወሰደ

ይህ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ አባይ ይመልከት። በካይሮ የሮዳ ደሴት ላይ ያለው የናይል መለኪያ የተሠራው እ.ኤ.አ በ861 ነው። ከጎንደር ግንቦች ሰባት መቶ ዓመታት ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን ሲከፋፈሉ የተነሡት በአስዋን በዓመት በአማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይደርሳል ከሚል መዝገብ ነበር። 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ የቀረውን ለትነት ብለው ፈረሙ። 85 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ውሃ የምታመነጨው ኢትዮጵያ ለድርድሩ አልተጠራችም። በደል ነው፤ በደሉን አልክድም። ግን ልብ እንበል፦ እኛ የራሳችንን አባይ በስፋት ያስጠናነው ከአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ ከ1958 እስከ 1964 ነው። ክፍፍሉ ሲፈረም የእኛ ጥናት ገና መጀመሩ ነበር።

እ.ኤ.አ በ2020 በዋሽንግተን የተካሄደውን የሕዳሴ ግድብ ድርድር ያስታውሷል። ከሙግቱ ሁሉ የከረረው «ድርቅ» የሚባለው በዓመት ስንት ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ሲፈስ ነው የሚለው ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ ኩራታችን ነው። ነገር ግን የአባይን ጉዳይ ዛሬም እንደ ቀድሞው በቁጣና በዘፈን ብቻ የምንይዘው ከሆነ፣ ነገርን በቁጥር ከሚይዝ ተደራዳሪ ፊት አባይን በጭልፋ ይዘን እንቀርባለን።

ጊንጪና ጭልሞ

በኅዳር 2008 ዓ.ም የጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው ውስጥ የጭልሞ ደንና የኳስ ሜዳቸው ለባለሀብት መሰጠት ይገኝበት ነበር። ከዚያች ትንሽ ከተማ የተነሣው ነገር ኦሮሚያን አዳርሶ፣ የብዙ መቶዎችን ሕይወት አስከፍሎ፣ በየካቲት 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መልቀቅ አድርሷል። በዚያው በ2008 ዓ.ም 10.2 ሚሊዮን ወገኖቻችን በድርቅ ምክንያት የዕለት እርዳታ ጠባቂ ሆነው ነበር። አንደኛው ቁጣ ስለ ደን ነበር፤ ሁለተኛው ሰቆቃ ስለ ዝናብ።

የጭልሞ ደን የአዋሽ ራስጌ ነው። ሊሰጥ ሲታሰብ የደኑ የእንጨት ዋጋ ሊገመት፣ የመሬቱ ካሬ ሜትርም ሊሰላ ይችል ነበር። ከሥሩ በበጋ የሚወጣው ምንጭ በሴኮንድ ስንት ሊትር ነው የሚለውን ግን በገበታው ላይ ያስቀመጠው ማን ነው? ዋጋ ያልተጻፈበት ነገር በገበያ ነጻ ነው፤ ነጻ የሆነም ይዘረፋል።

እዚህ ላይ ለወዳጆቻችንም እውነቱን እንንገር። «ደን ዝናብ ያመጣል»፣ «ባሕር ዛፍ ወንዙን አደረቀው» የሚሉ ፍርዶች ያለ መዝገብ የተሰጡ ናቸው። ዛፍ ራሱ ውሃ ይጠጣል። ደን የዓመቱን ጠቅላላ ፍሰት ሊቀንስ፣ የበጋውን ምንጭ ግን ሊያቆይ ይችላል። ይህ በአፈሩ፣ በተዳፋቱና በዛፉ ዓይነት ይለያያል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልን ተብሎ ለዓለም ተነግሯል። ችግኙን እስከ ነፍስ ወከፍ ቆጠርን። ችግኙ ከተተከለበት ተራራ ሥር ያለው ምንጭ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ለዚህ መልስ የሚሆን የአሥር ዓመት መዝገብ በየወረዳው ካልኖረ፣ የተቆጠረው ትጋታችን እንጂ ውጤታችን አይደለም።

ሦስት ማመካኛዎች

«ገንዘብ የለም» ይሉናል። አንድ የዝናብ መለኪያ፣ አንድ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ፣ አበሉ በወቅቱ የሚከፈለው አንድ ተመልካች ለአንድ የምረቃ በዓል ከሚወጣው ድንኳንና ባነር ይበልጣሉ?

«ሳተላይት ይለካዋል» ይሉናል። ሳተላይት የዝናብን ግምት ይሰጣል፤ ግምቱ የሚታረመው ግን መሬት ላይ በቆመ መለኪያ ነው። ከጊንጪ በላይ ያለች ትንሽ ጅረት በሌሊት ሞልታ ስትወርድ ከሰማይ የሚያያት የለም። በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ በድሬዳዋ ደቻቱ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ በዚያው ወር ኦሞ ከ300 በላይ ሲወስድ፣ የጎደለው ከላይ ሆኖ «እየመጣ ነው» የሚል ጠባቂ ነበር።

«መረጃው ምስጢር ነው» ይሉናል። ከማን? የታችኛው ተፋሰስ አገሮች በራሳቸው ጣቢያ የሚደርሳቸውን በየቀኑ ይለካሉ። ምስጢር የተደረገው ከጊንጪ መምህር፣ ከበቾ ገበሬ፣ ከአፋር አርብቶ አደር ነው። ተመራማሪው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፎ ደጅ ይጠናል፤ ገበሬው ማን ይጻፍለት? የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። ባለሀብቱ መዝገቡን እንዳያይ የሚከለከልበት የጋራ ሀብት እንዴት ያለ ነው?

ምን ይደረግ?

የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየጣቢያውን የዕለት ዝናብና ፍሰት፣ ከነክፍተቱ፣ በየዓመቱ መስከረም ለማንኛውም ዜጋ በነጻ ያውጡ። ክፍተቱ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በግምት ሞልቶ እውነት ማስመሰል ነው። በራስጌ ላይ የደን፣ የመስኖ ወይም የፋብሪካ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት ልኬት፣ የበጋው ዝቅተኛ ፍሰት ተለይቶ፣ ለአካባቢው ሕዝብ በቋንቋው ይነበብ። በጊንጪና በአምቦ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለየራሳቸው የዝናብ መለኪያ ይኑራቸው። ተማሪ በየጠዋቱ በእጁ የጻፈውን ቁጥር ካድሬ መጥቶ ሊያስረሳው አይችልም።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። ጥማቱ የጉሮሮ ብቻ አይደለም፤ የመዝገብም ነው። ዘንድሮም አዋሽ ከጊንጪ ይወርዳል፤ እኛ ቆጠርነው አልቆጠርነው ወንዙ አይጠብቀንም። ከታች ያለው ግን እየቆጠረ ይቀበላል፤ በክርክሩ ቀንም ደብተሩን ይዞ ይመጣል።

ልብ ይስጠን።