የጠፈር ውጊያው ጌም እና የታሸገው ሳጥን

ለልጅ ጫማ ስንገዛ ጣታችንን ከተረከዙ በኩል አስገብተን እንለካለን። ወተት ስንገዛ ክዳኑን ከፍተን እናሸታለን። የቪዲዮ ጌም ሲሆን ግን አብዛኞቻችን የሽፋኑን ሥዕል ብቻ አይተን ወይ «ጦርነት ነው» ብለን እንከለክላለን፣ ወይ «ከመንገድ ይሻላል፣ ቤት ይዋልልኝ» ብለን እንፈቅዳለን። ሁለቱም ውስጡን ሳያዩ የሚወሰኑ ውሳኔዎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጌም ከፍተን ጥሩውንም መጥፎውንም አብረን እንይ።

ጌሙ «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ነው። ዕድሜው ገፋ ቢልም ዋጋው እየቀነሰ በመሄዱ ዛሬም በብዙ ቤት ይገኛል። የልጅ ልጆቼ አጎታቸው ከአሜሪካ በላከላቸው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይጫወቱታል፤ እኔም ቡናዬን ይዤ ከጎናቸው እየተቀመጥኩ፣ ያልገባኝን እየጠየቅኩ ተመልክቼዋለሁ።

በመልካም ጎኑ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል መልኩ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ልጅ ብቻውን ተቀምጦ የሚከተለው ታሪክ አልነበረውም። ተጨማሪ የውጊያ ሜዳዎችንም በ50 ዶላር ለብቻ ይሸጥ ነበር። ገንዘቡን የከፈለና ያልከፈለ ጓደኛሞች በአዲሶቹ ሜዳዎች አብረው መጫወት አይችሉም ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ክፍል ሁለቱንም አስተካከለ፤ ታሪክ ጨመረ፣ በኋላ የመጡትን ሜዳዎችም ለሁሉም በነጻ ሰጠ።

ከሁሉ የተዋጣለት የጠፈር ውጊያው ነው። ይህን ክፍል የሠራው ክራይቴሪየን የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። 24 ተጫዋቾች በኢንተርኔት ተገናኝተው 12 ለ12 ይገጥማሉ፤ አንዱ ወገን ያጠቃል፣ ሌላው ይከላከላል። መርከቦቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ፈጣንና ቀላል፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ከባድና ዘገምተኛ። ሁሉም ፈጣኑን ይዞ ጠላት ላሳድ ካለ ቡድኑ ዋናውን ግብ ይስታል። ሥራ መከፋፈልን ልጆች በምክር ሳይሆን በሽንፈት ይማሩበታል። ደምና የተቆራረጠ አካልም አይታይም። ያም ሆኖ ጦርነት ጦርነት ነው፤ የአሜሪካው የዕድሜ ደረጃ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የአውሮፓው ደግሞ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ይላል። ለስምንት ዓመት ልጅ የተሠራ አይደለም።

ታሪኩም የሚያወያይ ነው። ዋና ገጸ ባሕሪዋ አይደን ቨርሲዮ የጨካኙ ኢምፓየር ጦር አዛዥ ናት። ትዕዛዝ መፈጸምን ተምራ ያደገች ሴት ናት፤ ጥፋቱ በገዛ አገሯ ሲመጣ ግን ትከዳለች። የ14 ዓመት ልጅን «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ጥሩ በር ይከፍታል። ጉድለቱ አጭር መሆኑ ነው፤ ከአንድ ቅዳሜና እሁድ አያልፍም። ልቧ የሚለወጥበት ጊዜም በጣም ይፈጥናል። ዕድሜ ልክ ያመኑበትን ነገር መተው እንዲህ በአንድ ጀምበር እንደማይሆን እኛ ትልልቆቹ እናውቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ድክመት። የዚህ ጌም ስም በዓለም ዙሪያ የጠፋው በተኩሱ አልነበረም፤ በሽልማት አሰጣጡ ነው። ልጁ ሲጫወት በጌሙ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ገንዘብ ያጠራቅማል። በዚያ ገንዘብ የታሸገ ሳጥን ይገዛ ነበር፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ሳይከፍተው አያውቅም ነበር። ከሳጥኑ ይወጡ የነበሩት ስታር ካርድ የሚባሉት ነገሮች ተዋጊውን ወይም መርከቡን ያጠናክራሉ። ይህንኑ ሳጥን በእውነተኛ ገንዘብ መግዛትም እንዲቻል ተደርጎ ነበር። የአባቱ ኪስ የሞላ ልጅ ጥሩ ችሎታ ያለውን ልጅ ሊያሸንፍ ይችል ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ዳርት ቬደር ተቆልፎ ነበር፤ መክፈቻው 60,000 የጌሙ ገንዘብ ነበር። ተጫዋቾች ሲያሰሉት 40 ሰዓት ገደማ መጫወት ይጠይቅ ነበር፤ የአንድ ሠራተኛ ሙሉ የሥራ ሳምንት መሆኑ ነው። አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነገሩን ለማስረዳት በኢንተርኔት መልስ ሲሰጥ ከ600,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ ተሰጠበት። ከዚያ ዋጋው ወደ 15,000 ወረደ፤ ጌሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ መሸጡ ቆመ። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ስታር ካርዶቹ ከሳጥኑ ወጥተው በመጫወት ብቻ የሚገኙ ሆኑ። በቀጣዩ ወር የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ በሌሎች ሦስት ጌሞች ውስጥ ያሉ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች የቁማር ሕግን ይጥሳሉ ሲል ወሰነ፤ ይህኛው አስቀድሞ በመታረሙ ከውሳኔው አመለጠ።

ይህን የድሮ ታሪክ የማነሳው በነርስነት ሙያዬ ስለማውቀው ነገር ነው። ሽልማት ሁልጊዜ ቢመጣ ልጅ ይሰለቻል፤ ጨርሶ ባይመጣ ይተወዋል። አንዳንዴ ሲመጣ፣ መቼ እንደሚመጣ ግን ሳይታወቅ ሲቀር እጅ ማቆም ያቅተዋል። የሚፋቅ ሎተሪና በየሰፈሩ የምናያቸው የስፖርት ውርርድ ቤቶች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን አመመኝ እያሉ ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጡ ወጣቶች መካከል ረጋ ብለን ስናነጋግራቸው የበሽታው ሥር ውርርድ ሆኖ የምናገኘው ነበሩ። ይህ ጌም ቢታረምም በታሸገ ሳጥን የሚሸጡ ሌሎች ብዙ ጌሞች ዛሬም በልጆቻችን ስልክ ላይ አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

የዓለም ጤና ድርጅትም የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ነው። ብዙ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ታማሚ ነው ማለት ግን አይደለም። መታየት ያለባቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር ካቃተው፣ ከምግብ፣ ከትምህርትና ከጓደኛ ካስቀደመው፣ እየጎዳው መሆኑን እያየም ከቀጠለ። ይህ ዓመት ያህል ከቆየ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ከበረታ ደግሞ ዓመት አትጠብቁ።

የጠፈር ጌም አንድ የራሱ ጠባይ አለው። መርከቡ ሲገለባበጥ ዓይን «እየተንቀሳቀስኩ ነው» ይላል፤ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ደግሞ «ተቀምጠሃል» ይላል። በዚህ አለመግባባት አንዳንድ ልጆች ያዞራቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ መብራቱን አብርቶ መጫወትና ሲጀምር ወዲያው ማቆም ይበቃል።

እንግዲህ ይህን ጌም ለምትፈቅዱ አራት ነገር ልምከር። አንደኛ፣ የባንክ ካርዳችሁን ማሽኑ ላይ አታስቀምጡ፤ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ፕሌይስቴሽን ላይ የልጅን ወጪና የመጫወቻ ሰዓት የሚገድብ የወላጅ መቆጣጠሪያ ስላለ ተጠቀሙበት። ሁለተኛ፣ ከመኝታ በፊት ያለችውን ሰዓት ከጨዋታ ነጻ አድርጓት፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ሦስተኛ፣ ማቆሚያውን በደቂቃ ሳይሆን በግጥሚያ ቁጥር ተስማሙ፤ ቡድን ጥሎ መውጣት ልጁን ስለሚያሳፍረው ብዙው ጠብ ከዚያ ይነሳል። አራተኛ፣ አርኬድ በሚባለው ክፍል ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይችላል። ዳታም ይቆጥባል፤ ወንድምና እህትንም አንድ ሶፋ ላይ ያስቀምጣል።

ሌላ ማንኛውም ጌም ሲመጣ ደግሞ ልጁን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «እዚህ ውስጥ ሳይከፈት የማይታወቅ ነገር ይሸጣል?» ከሸጠ፣ የጌሙ ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋው ገና አልተነገራችሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጆች መነጽር እንደሚያስፈልጋቸው በምን እናውቃለን የሚለውን እናያለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።