ከጠረጴዛ ለማይነሣ ላፕቶፕ ይህን ያህል ገንዘብ?

በደቡብ ኦሞዋ የቀይ አፈር ከተማ መብራት ሲጠፋ፣ ስክሪኑ 17 ኢንች የሆነ ውድ ላፕቶፕ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ይህን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ኮር አይ ሰቨን ነው ወይስ አይ ናይን? ራሙ ስንት ነው? ግራፊክስ ካርዱስ? ሁሉም መብራት ላለበት ሰዓት የሚያገለግሉ ጥያቄዎች ናቸው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት፣ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ በሚውልበት ከተማ ግን ጥያቄው ከመብራቱ መጀመር ነበረበት።

እነዚህ ትልልቅ ላፕቶፖች የሚሸጡት «ዴስክቶፕን ይተካሉ» ተብለው ነው። እስቲ ይህን እንመርምረው። ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚበልጠው በሁለት ነገር ነው፤ ይዘውት ይሄዳሉ፣ መብራት ሲጠፋም ሥራ አያቋርጥም። በዋጋ፣ በጉልበት፣ በጥገናና በዕድሜ ዴስክቶፕ ይበልጠዋል። ታዲያ ከነቻርጀሩ አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ከሶኬት ሲነቀል ደግሞ ከባድ ሥራ ላይ አንድ ሰዓት የማይሞላ ማሽን ከሁለቱ የትኛውን ይዞ ቀረ?

አንድ ሰዓት አይሞላም ያልኩት በግምት አይደለም። የአውሮፕላን ተሳፋሪ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ይዞት የሚገባው ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ፋብሪካዎቹ ላፕቶፑን የቱንም ያህል ቢያሰፉት ባትሪውን ከዚህ ገደብ በታች፣ 99 ዋት ሰዓት አካባቢ ላይ ያቆሙታል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለባቸውም፤ ሥራ ሲበዛባቸው አንድ ላይ 150 ዋት፣ ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። 99ን ለ150 አካፍሉት፤ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ያውም ባትሪው አዲስ ሳለ። ደግሞም ባትሪ ያን ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ መስጠት ስለሚከብደው፣ እንዲህ ያለው ማሽን ከሶኬት እንደተነቀለ ራሱን ያዳክማል። የተገዛበት ጉልበት የሚገኘው ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ነው ማለት ነው። ጽሑፍ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ባትሪው ረዘም ይልለታል። ግን ደብዳቤ ለመጻፍ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ለምን አስፈለገ?

ከጎኑ አንድ ተራ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ አስቀምጡ። ባትሪው 50 ዋት ሰዓት ነው እንበል። በጽሕፈትና በሒሳብ ሥራ 10 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ አምስት ሰዓት ያህል ይሠራል። ጠዋት የጠፋ መብራት ከሰዓት ቢመጣ ሥራው አልቆመም። በደቡብ ኦሞ ሰፊ ቆላ ደግሞ የመብራት መስመር ያልደረሰበት ቀበሌ ብዙ ነው፤ እዚያ ጤና ኬላና ትምህርት ቤት የሚያገኙት ኃይል ከፀሐይ ነው። ባለ 100 ዋት ሶላር ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 400 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰበስባል። ለትንሹ ላፕቶፕ ይህ ከሙሉ ቀን ሥራ ይተርፋል፤ ትልቁ ግን ሥራ ሲበዛበት በሦስት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ታዲያ ለዚህ አገር የተሠራው የትኛው ነው?

ስለ ጉልበቱም ቢሆን የሚነገረው ሁሉ እውነት ነውን? አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 የሚባል ግራፊክስ ካርድ አውጥቶ ነበር። ለዴስክቶፕ የተሸጠው 24 ጊጋባይት ሜሞሪና 16,384 የስሌት ኮሮች ሲኖሩት እስከ 450 ዋት ይወስዳል። በላፕቶፕ ውስጥ በዚያው ስም የተሸጠው 16 ጊጋባይት ሜሞሪና 9,728 ኮሮች ብቻ ያሉት ሌላ ቺፕ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ሁለት ነው። ገዢው ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ለዚያ ስም ከሆነ፣ ሻጩ ልዩነቱን ሊነግረው አይገባም ነበር? ገዢውስ ሊጠይቅ አይገባም ነበር?

ሐሙስ ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ሲቆም የበና፣ የፀማይ፣ የሐመርና የአሪ ሰው ይገናኝበታል። ፍየል ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርሷን ሳያይ፣ ጀርባዋን ሳይዳስስ፣ ባለቤቷን ሳይጠይቅ ገንዘብ አያወጣም። ከአንድ መንጋ ፍየል ዋጋ የማይተናነሰውን ላፕቶፕ ግን አዲስ አበባ ካለ ሱቅ በቴሌግራም በተላከ ፎቶ እንገዛዋለን። መገናኛ ወይም መርካቶ ያለው ሻጭ ላፕቶፑ የሚሠራበትን ቦታ አያውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን። የምናውቀውን ለምን አንጠይቅም?

ዋጋውንም እንየው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከወራት በኋላ ከ120 ብር በላይ ሆነ። 2 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ ከ114 ሺህ ወደ 240 ሺህ ብር ተሻገረ ማለት ነው፤ ታክስና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር። ይህን ገንዘብ የሚያወጣው ማነው? ራሱ ነግዶ ያገኘ ሰው ከሆነ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ የምመክረው እንደ ወንድም ነው። መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ምክር አይበቃም፤ መጠየቅ አለበት።

አሠራሩን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ «በጀቱ እንዳይመለስ» ይባልና ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ስፔሲፊኬሽኑን የሚጽፈው ማነው? ብዙ ጊዜ ካለፈው ግዥ የተገለበጠ ነው፤ ወይም ከአንድ ሱቅ የተወሰደ። የኃላፊው ላፕቶፕ ከሁሉ ትልቅ፣ ከሁሉ ውድ እንዲሆን የሚያስገድድ ምን ሥራ አለ? ኃላፊው በቀን የሚያነበው ሪፖርት፣ የሚመራው ደብዳቤ፣ የሚያየው ሰንጠረዥ ነው። ያን ሁሉ የሚጽፉለት ጸሐፊዋ ግን በፓወር ግዕዝ የሚሠሩት ሲነሣ ሩብ ሰዓት በሚፈጅ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዩፒኤሱ ባትሪው ከሞተ ስለቆየ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር የጻፉት ይጠፋል። ሒሳብ ሠራተኛውም በሒሳብ ፕሮግራሙ አይቤክስ ላይ ያስገባውን እንደገና ያስገባል። ከባዱ ሥራ ያለው እነሱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሳለ ውዱ ማሽን የሚቀመጠው ሌላ ክፍል ለምን ሆነ?

ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ አድርጎ በሞዴል 22 ለኃላፊው ወጪ ያደርገዋል። ኃላፊው ሲዛወርስ? ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ፣ ቻርጀሩ ተቀይሮ ይመለሳል፤ ለአዲሱ ኃላፊ ደግሞ አዲስ ይጠየቃል። አሮጌው ለጸሐፊዋ ይሰጣቸው ቢባል እንኳ እሳቸው የሚረከቡት ከሶኬት ሲነቀል የሚጠፋ፣ መለዋወጫውም ቅርብ የማይገኝ ዕቃ ነው።

ትልቅ ስክሪን ከመብራቱና ከጥገናው ቀድሞ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በአንድ ትውልድ ዘመን አይተነዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርት በሳተላይት ይሰጥ ነበር። ሥርጭቱ ተማሪን አይጠብቅም፤ መብራት የጠፋ ዕለት ትምህርቱ አለፈ፣ ስክሪኑ የተበላሸ ዕለት ክፍሉ ያለ ትምህርት ዋለ። መምህሩ እዚያው ቆሞ ሳለ ገንዘቡ የፈሰሰው በግድግዳው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ያልተጠየቀውን ዛሬ በላፕቶፕ ግዥ ላይ መጠየቅ ምን ይከለክላል?

ጥገናው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል ጂንካ ከቀይ አፈር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ተመሳሳይ ገዝቶ በካቻቢቴ ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ራሙ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ፋኑ እንደዚያው። ስክሪኑ ቢበላሽ የሌላ ማሽን ስክሪን ይሰካለታል። በትልቁ ላፕቶፕ ውስጥ ግን ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይደዋል፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል። ቻርጀሩ እንኳ 240 ወይም 330 ዋት ስለሆነ በቅርብ ሱቅ በሚሸጠው አይተካም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ ዕቃውን በአውቶቡስ መላክ ነው። ዕቃው እስኪመለስ ሥራውን ማን ይሠራል? በፋኑ በኩል ስለሚገባው ቀይ አቧራና ስለ ወይጦ ቆላ ሙቀትም ማሰብ ያስፈልጋል። ትኩስ ማሽን በቀጭን ገላ ውስጥ ሲታፈን ፋኑ ብዙ አየር ይስባል፤ ብዙ አየር የሳበ ብዙ አቧራ ይስባል። ሙቀቱ ደግሞ ባትሪውን ያስረጀዋል፤ ቀንም ሌትም ሶኬት ላይ ተሰክቶ መዋሉ ይብስበታል።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ ወስደው አይተውታል። ኤችፒ በ2007 እ.ኤ.አ. ስክሪኑ 20 ኢንች የሆነ ላፕቶፕ አወጣ። ኤሰር በ2017 እ.ኤ.አ. ባለ 21 ኢንች ጎባጣ ስክሪን ላፕቶፕ በ8,999 ዶላር ሸጠ፤ ክብደቱ ከ8 ኪሎ በላይ ነበር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ ከሚፈቅደው 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ የበለጠ። አፕል ባለ 17 ኢንች ማክቡክ ፕሮውን በ2012 እ.ኤ.አ. አቁሞታል። ከሠሩት አንዱ የሆነው አፕል ራሱ የተወውን መጠን እኛ የክብር ምልክት አድርገን የምናነሣው ለምንድን ነው?

«ሁሉም እንዲህ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት አለው። በቱርሚና በኦሞራቴ ፊልም እየቀረጸ ማታ ማታ ጄኔሬተር አስነሥቶ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ካርታ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ፣ ጉልበት ያለው ላፕቶፕ ያስፈልገዋል። ለእሱ ዴስክቶፕ ተሸከም አይባልም። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም በጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ዴስክቶፕ የሚያኖርበት የለውም። ባለሙያው ግን ሥራውን ያውቃል፣ ገንዘቡ ለምን እንደወጣ ያስረዳል። ተማሪውስ? የሚጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ የሚያስፈልገው ቀኑን የሚውል ባትሪ ነው። ቤተሰቡ ከብት ሸጦ የላከለትን ገንዘብ ጓደኞቹ በሚያደንቁት ስክሪን ላይ ሲያውለው ዝም ማለት ይገባናል?

ስክሪን መስፋቱን የሚጠላ የለም። ዓይን ያርፋል፣ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ይታያል። ትልቅ ስክሪን የፈለገ ግን ስክሪኑን ለብቻው ለምን አይገዛም? ባለ 24 ኢንች ስክሪን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከትንሽ ላፕቶፕ ጋር ይገናኛል፤ ላፕቶፑ ሲያረጅ ስክሪኑ ለሚቀጥለው ይተርፋል። ለአንገትም ይሻላል። በላፕቶፕ ላይ ኪቦርዱና ስክሪኑ የተጣበቁ ስለሆኑ 17 ኢንችም ሆነ 18፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ሰው አጎንብሶ ይውላል። ጠረጴዛ ላይ ብቻ ለሚቀመጥ ሥራ ደግሞ ዴስክቶፕ ከደህና ዩፒኤስና ስታብላይዘር ጋር ዛሬም የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ዩፒኤሱ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል፤ ባትሪው ሲደክም ባትሪው ብቻ ይቀየራል።

ለመሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴዎች በግልጽ መናገር የምፈልገው ይህ ነው። ሦስትና አራት ዓመት ያገለገሉ፣ ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፖች በዓለም ገበያ ከ300 ዶላር በታች ይሸጣሉ። አንዱ ትልቅ ላፕቶፕ በሚገዛበት 2 ሺህ ዶላር ስድስቱ ይገዛሉ። የመንግሥት ግዥ ያገለገለ ዕቃ አይቀበልም ከተባለም፣ አዲስ ተራ ላፕቶፕ ከትልቁ ዋጋ ከግማሽ በታች ነው። በስፔሲፊኬሽኑ ላይ ከራምና ከፕሮሰሰር በፊት ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚጠይቅ መስመር ይግባ። ፕሮፎርማው ከመሰብሰቡ በፊት በማሽኑ የሚሠሩትን ጸሐፊዋን፣ ሒሳብ ሠራተኛውንና መምህሩን ጠርታችሁ ጠይቁ። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ የታሰበውን ሰርዛችሁ ሥራው ለቆመባቸው ሰዎች ግዙ።