ጂን የሚዘጉ ፕሮቲኖች ለፈተና ብቻ አይደሉም



በቱቶሪያል ላይ ኮሪፕሬሰር የሚባሉት ፕሮቲኖች ጋ ስንደርስ የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ይቺ ለፈተና ትመጣለች?» ጂን እንዴት እንደሚከፈት ለሰዓታት እናጠናለን፤ እንዴት እንደሚዘጋ ግን በአንድ አንቀጽ እናልፋለን። እኛ ይህ ልማድ ትክክል አይመስለንም። ሊድን የሚችል ሰው ሊሞትበት የሚችል ክፍተት ነውና።

የሴሎቻችን ጂን በአብዛኛው አንድ ነው። የጉበት ሴል ጉበት ሆኖ የሚቆየው የማያስፈልጉት ጂኖች ስለተዘጉ ጭምር ነው። ኮሪፕሬሰሮች በቀጥታ ዲኤንኤ ላይ አይቀመጡም። እዚያ የተቀመጠ ሌላ ፕሮቲን ይይዙና ሂስቶን ዲአሴታይሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን ይጠራሉ፤ ዲኤንኤው ይጠቀጠቃል፣ ጂኑ ይዘጋል። በ1995 እ.ኤ.አ. የታወቁት ኤንኮር እና ስመርት የሬቲኖይክ አሲድ ተቀባይን የሚይዙት በዚሁ መንገድ ነው። ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድ ሲመጣ ተቀባዩ ይለቃቸዋል፤ ጂኑም ይከፈታል። ኤንኮር የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ቀይ የደም ሴላቸውና የነርቭ ሥርዓታቸው በወጉ ሳያድግ፣ ሳይወለዱ ይሞታሉ።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። አኪዩት ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ክሮሞዞም 15 እና 17 ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ከዚህ የሚወለደው ድቅል ፕሮቲን ኮሪፕሬሰሮቹን አጥብቆ ይይዛል፤ በሰውነት ውስጥ ያለው መደበኛ የሬቲኖይክ አሲድ መጠን አያስለቅቀውም። ነጭ የደም ሴሎቹ ሳይበስሉ መቅኔውን ይሞላሉ። በሽተኛውን ፈጥኖ የሚገድለው ደግሞ መድማት ነው፤ ብዙ ጊዜም አንጎል ውስጥ።

በሻንጋይ ዶክተር ዋንግ ዠንዪ በ1985 ለአንዲት የ5 ዓመት ልጅ ኤቲአርኤ የተባለውን የሬቲኖይክ አሲድ ዓይነት ሰጧት፤ ዳነች። በ1988 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የ24 በሽተኞችን ውጤት አሳተሙ። 23ቱ በዚህ መድኃኒት ብቻ በሽታው ጠፋላቸው፤ አንዱ ኬሞቴራፒ ተጨምሮለት ተሻለው። መድኃኒቱ ሴሎቹን በቀጥታ ከመግደል ይልቅ አበሰላቸው። ከፍ ያለው መጠን ኮሪፕሬሰሮቹን እንደሚያስለቅቅ የታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1998 አካባቢ ነው። ዛሬ ከአርሴኒክ ጋር (አዎ፣ ከመርዙ አርሴኒክ ጋር) ሲሰጥ፣ በሽታው ከፍተኛ ስጋት ላይ ያልደረሰባቸው ሰዎች በአብዛኛው ያለ ኬሞቴራፒ ይድናሉ።

«ይሄ የሀብታም አገር ላብራቶሪ ሳይንስ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አንስማማም። ኤቲአርኤ በአፍ የሚዋጥ ካፕሱል ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። (የቫይታሚን ኤ ኪኒን ምትኩ አይሆንም፤ ማንም እንዳይሞክረው!) ከባዱ ነገር በሽታውን በሰዓቱ መጠርጠር ነው። የሕክምናው መመሪያ የጂን ምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ፣ በጥርጣሬ ብቻ መድኃኒቱ ይጀመር ይላል። ጥርጣሬው የሚመጣው ደግሞ ከማይክሮስኮፕ ነው፤ ያልበሰሉት ሴሎች ውስጥ እንደ ጭራሮ እስር የተከማቹ ቀጫጭን ዘንጎችን ለይቶ ከሚያውቅ ዓይን። ያ ዓይን ነገ የላብራቶሪ ተማሪዎቻችን ዓይን ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ፣ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ብቻ ከማለፍ ዴክሳሜታዞን ቶሎ እንዲጀመር ማሳሰብ ያለባቸው ደግሞ የፋርማሲና የነርሲንግ ተማሪዎቻችን ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ቱቶሪያል ለኮሪፕሬሰር ምዕራፍ አንድ ሳይሆን ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሰጠው እንላለን። አንዱ በሰሌዳ፣ ሌላው በማይክሮስኮፕ፤ የሕክምና፣ የላብራቶሪ፣ የፋርማሲና የነርሲንግ ተማሪዎች አብረው ተቀምጠው። የደም ስላይድ ማንበብ የምትችሉ ሲኒየሮች ለጀመዓው የትምህርት ክፍል ስማችሁን ብትሰጡን ኢንሻአላህ ከሚድ ፈተና በፊት እንጀምራለን።