የሚሟገቱት ስለ ሕጉ ነው

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቶኪዮ ይደርሳል። የጃፓን የሥዕል ልብ ወለድ፣ ማንጋ፣ ግን አውሮፕላን ሳይጠብቅ በስልክ ከቦሌ፣ ከገርጂና ከአያት ወጣቶች እጅ ገብቷል። ከዚህ ሁሉ ወላጅን ይበልጥ የሚያሠጋው አስማት ስለሚማሩ ልጆች የሚተርከው ዓይነት ነው። ሥጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን የአንባቢዎችን አስተያየት ጠጋ ብሎ ላዳመጠ፣ ከአስማቱ ይልቅ የሚያከራክራቸው ዕውቀት ነው፤ ማን ይማረው፣ ማንስ ይከልክለው የሚለው። ስለዚህ ልጆቹን ከማስጣል አብሮ መከራከር ይሻላል ባይ ነኝ።

ማስረጃዬ የካሞሜ ሺራሃማ «ቶንጋሪ ቦሺ ኖ አትሊዬ» የተባለው ማንጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኮዳንሻ መጽሔት መውጣት ጀመረ፤ በ2020 የአሜሪካውን የአይስነር ሽልማት አገኘ። የልብስ ሰፊ ልጅ የሆነችው ኮኮ አስማት ሲወለዱ የሚታደሉት ጸጋ ነው ተብላ አድጋለች። ኪፍሪ የተባለውን አስማተኛ ተደብቃ ስታየው ግን አስማቱ በልዩ ቀለም የሚሣል ምልክት ሆኖ ታገኘዋለች፤ ብዕርና ቀለሙን የያዘ ማንም ይሠራዋል። ከአንድ መጽሐፍ ገልብጣ ስትሞክር እናቷ ድንጋይ ሆኑ። በአስማተኞቹ ሕግ መሠረት ምሥጢሩን ያወቀ የውጭ ሰው ትዝታው ይፋቃል፤ ኪፍሪ ግን ደቀ መዝሙሩ አደረጋት። አንባቢን የሚከፍለው ሌላ ሕግ ነው። ጥንት አስማት ለጦርነትና ለሥቃይ ስለዋለ፣ በሰው ገላ ላይ መሣል ለፈውስ እንኳ ተከልክሏል። ከፊሉ አንባቢ ክልከላው ከሌላ እልቂት ይጠብቃል ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ መድኃኒቱ እያለ በሽተኛ ሲሞት ዝም ብሎ ማየት ጭካኔ ነው ይላል። ሥዕሉ ያማረ ነው፣ ትረካው ይዘገያል የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያለው በኮኮ ጥፋት ውስጥ ነው። ምሥጢሩ ባይደበቅባት፣ ምልክቶቹ የሚያመጡትን አደጋ የሚነግራት ሰው ቢኖር፣ ያንን መጽሐፍ ለብቻዋ አትገለብጥም ነበር።

ዕውቀትን ማን ይማረው የሚለው ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ደብተራው ክታብ በሚባለው የብራና ጥቅል ላይ በግእዝ ጸሎትና አስማት ይጽፋል፤ ትላልቅ ዓይኖችንና መላእክትን ይሥላል፤ ርዝመቱን በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ የባለቤቱን ስም ከጸሎቱ መካከል ያገባል። ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን የገደለበት ታሪክ ወላድንና ሕፃንን እንዲጠብቅ ይጻፋል። ቤተ ክርስቲያን ብትነቅፈውም ዕውቀቱ ከመምህር ወደ ታመነ ተማሪ በምሥጢር ሲተላለፍ ኖሯል። ሕዝቡም ደብተራውን እየፈራ፣ ሲታመም ግን ከደጁ ይሄዳል። ጥቅልሎቹ ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አሉ። የኮኮን ምልክቶች በቃሉ የሚያውቅ የቦሌ ወጣት ስለ ክታብ አንዳች ሳይነገረው ማደጉ ከማንጋው የበለጠ ያሳስበኛል።

አስማት በልብ ወለድም ቢሆን ከእምነት ያርቃል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ይህን አቅልዬ አላየውም። ሆኖም በዚህ ታሪክ መንፈስ አይጠራም፤ ያለው የእጅ ሙያ፣ ሕግና የሕጉ ዋጋ ነው። ደግሞስ ስልክ በየእጁ ባለበት ዘመን የተከለከለ ልጅ ማንበቡን መች ይተዋል? ለብቻው፣ ጥያቄውን የሚያቀርብለት አዋቂ ሳይኖረው ያነባል፤ ኮኮም እንዲሁ ነበረች። ታዳጊው የራሱን ትቶ የባዕድ ይወርሳል የሚለው ስጋት ይበልጥ ያሳምነኛል፤ መልሱ ግን መከልከል አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን አይተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲጽፉ፣ ሀገሪቱን ለኢትዮጵያ አንባቢ በኢትዮጵያዊ ዓይን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ዕጣን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቅርቦ፣ ልዩ ኃይል ያለው ጀግና በአዲስ አበባ ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል። ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ መምህሩ የደበቁበትን ጥቅል ሊያነብ የሚጓጓ የቆሎ ተማሪ ታሪክስ ለሥዕል ልብ ወለድ ምን ይጎድለዋል? ሠዓሊዎቻችን ስድስት ኪሎ ሄደው በጥቅልሎቹ ላይ ያሉትን ዓይኖች ቢያጠኑ፣ አሳታሚዎችም የመጀመሪያውን ቅጽ ወጪ ቢሸፍኑ፣ ሥራው ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል።